መሪ የያዘና መፍቻ የያዘ

ስለ ጦር አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር በአእምሯችን ቀድሞ የሚመጣው ሥዕል የአብራሪው ነው። የራስ ቁሩን አጥልቆ፣ መሪውን ጨብጦ፣ በደመና መካከል እንደ ንስር የሚወነጨፈው ሰው በልጆች ጨዋታ፣ በሽማግሌዎች ወግ፣ በጋዜጣና በራዲዮ ሲወደስ ኖሯል። መወደሱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያንን አውሮፕላን ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትሽ አድሮ፣ ንጋት ላይ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ለአብራሪው ያስረከበው ሰው ማን ነበር? ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ስሙን የሚጠይቅም ከዚያ ያነሰ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭርና ግልጽ ነው፦ በጦርነት ጊዜ ለአየር ኃይል የሚሰጠው ክብር ለአብራሪውም ለጥገና ባለሙያውም እኩል ሊደርስ ይገባል፤ ሁለተኛውን መርሳት አገርን የሚጎዳ ክፉ ልማድ ነው።

በነገሩ ለመፍረድ አስቀድሞ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የጦር አውሮፕላን ለአንድ ሰዓት አየር ላይ እንዲቆይ የብዙ ሰዓት የምድር ሥራ ይጠይቃል። ከመነሣቱ በፊት የጎማው ንፋስ፣ የፍሬኑ ኃይል፣ የዘይቱ መጠን ይታያል፤ ከነዳጁ ጋር ውኃ ተቀላቅሎ እንደሆነ ከጋኑ ሥር ተቀድቶ ይመረመራል። ሞተሩ አየር በሚስብበት አፍ ፊት ጠጠር እንዳይኖር ሜዳው ይጠረጋል፤ አንዲት ጠጠር ወይም አንድ የተረሳ ብሎን ወደ ውስጥ ከገባ በታላቅ ፍጥነት የሚሽከረከሩትን ስስ የብረት ክንፎች ሰባብሮ ሞተሩን ሊያጠፋ ይችላልና። ስለዚህም ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ መፍቻውን፣ ፒንሳውንና ካቻቢቴውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ወደ ሣጥኑ ይመልሳል፤ አንዱ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይነሣም። በመጨረሻም በጥገና መዝገቡ ላይ ይፈርማል። ያ ፊርማ «ይህ አውሮፕላን ሰው ሊሳፈርበት ይችላል» የሚል ምስክርነት ነው። አብራሪው መዝገቡን አንብቦ ሲሳፈር ነፍሱን በዚያ ፊርማ ላይ ይጥላል።

የአገራችን የተፈጥሮ አቀማመጥ ደግሞ ሥራውን ያከብደዋል። የአርሲን ደጋ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ የቆመው የጭላሎ ተራራ ጫፍ ደግሞ 4,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በአሰላ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱን ሲወጣ የሚያለከልከው በዚህ ምክንያት ነው። አውሮፕላንም በደጋ አገር እንደ እንግዳው ያለከልካል፤ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ስስ ስለሆነ ከመሬት ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ምን ያህል ነዳጅና ምን ያህል መሣሪያ መጫን እንደሚቻል ከከፍታውና ከቀኑ ሙቀት ጋር ተሰልቶ መወሰን አለበት። በኢትዮጵያ ደጋ የሚያገለግል ባለሙያ በመጽሐፍ ከተጻፈው በተጨማሪ የአገሩን አየር ማወቅ ግዴታው ነው።

የኢትዮጵያ የበረራ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት፣ አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ፋሽስት ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወርር ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች ጥቂቶች ነበሩ፤ እነርሱም መልእክት፣ ሰውና መድኃኒት ለማመላለስ ካልሆነ በቀር ለአየር ውጊያ የሚበቁ አልነበሩም። ወራሪው በበኩሉ በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሰልፎ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነበ።

በዚያ የጭንቅ ዓመት የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች እንዲመሩ የተሾሙት ጆን ሮቢንሰን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። የእርሳቸው ታሪክ ለያዝነው ክርክር ዓይነተኛ ማስረጃ ነው። ሮቢንሰን አብራሪ ከመሆናቸው በፊት መካኒክ ነበሩ፤ በአላባማ ግዛት በሚገኘው በተስኪጊ ትምህርት ቤት የአውቶሞቢል ጥገና ተምረዋል። ቺካጎ ውስጥ የነበረ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት አልቀበልም ቢላቸው በጽዳት ሠራተኝነት ገብተው ትምህርቱን ከበር አካባቢ እያዳመጡ ቀሰሙ፤ ኋላም በተማሪነት ተቀባይነት አግኝተው ተመረቁ። መለዋወጫ በሌለበትና ጋራዥ ብርቅ በነበረበት ጊዜ በአዲስ አበባና በሰሜን ጦር ግንባር መካከል መልእክት ሲያመላልሱ ሙያቸው ምን ያህል እንደጠቀማቸው መገመት አያስቸግርም። ከድል በኋላ በ1936 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ወጣቶችን አስተማሩ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ቆስለው ሞቱ፤ መቃብራቸውም በአዲስ አበባ ነው። መሪ የያዘውና መፍቻ የያዘው በአንድ ሰው ተገናኝተው የነበሩበት ታሪክ ይህ ነው።

በዚያው በ1928 ዓ.ም. ሉድቪግ ዌበር የተባሉ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እዚሁ አገር ውስጥ ሠርተው አበረሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ወራሪው ማርኮ ወደ ኢጣሊያ ወሰዳት፤ ከ80 ዓመት በላይ በባዕድ አገር ቆይታም በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። ስትመለስ ሕዝቡ ተደሰተ፤ የዌበር ስም ተነሣ፤ የልዕልት ፀሐይም ስም ተነሣ። ክፍሎቿን የገጣጠሙትና ብሎኗን ያሰሩት ኢትዮጵያውያን እጆች ግን በሕዝብ ዘንድ ስም የላቸውም።

ከአሰላ ተነሥቶ፣ በአዳማ አድርጎ፣ በነባሩ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በቢሾፍቱ በኩል ያልፋል። በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን መሪነት ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ዘመናዊው የአየር ኃይል የተደራጀው በዚህች ከተማ ነው። ቮን ሮዘን በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበሩ ነበር። የአርሲ ሰው ስዊድኖችን የሚያውቃቸው በ1960 ዓ.ም. በተቋቋመው በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በካዱ፣ ነው፤ እነርሱ ግን ወደ ጭላሎ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ይዘው ከመምጣታቸው ከ20 ዓመት በፊት በቢሾፍቱ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ማብረርንና መጠገንን ያስተምሩ ነበር። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ተተከሉ፤ ክብራቸው ግን እኩል አላደገም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በዚህችው ከተማ የአየር ኃይል አባላት ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ ሁኔታ ሲያምፁ ድምፃቸውን ያሰሙት በአብዛኛው ዝቅተኛ ማዕርግ ያላቸው ነበሩ። አመፃቸው ለዚያ ዓመት ታላቅ ለውጥ ዋዜማ ከሆኑት ድምፆች አንዱ ሆነ። ለረዥም ጊዜ ያልተደመጠ ሰው በመጨረሻ ሲናገር ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማል።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በ1969 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያና የአሜሪካ ግንኙነት ተበላሽቶ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ እርዳታ ተቋረጠ፤ የአየር ኃይሉ ዋነኛ ተዋጊ አውሮፕላን ግን ኤፍ-5 የተባለው የአሜሪካ ሥሪት ነበር። በሐምሌ ወር የሶማሊያ ሠራዊት በሶቪየት ኅብረት የተሠሩ ሚግ-21 አውሮፕላኖችን ይዞ ኦጋዴንን ወረረ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች። በምድር ይህ ሁሉ ሲደርስ በአየር ላይ የበላይነቱን የያዙት የኢትዮጵያ አብራሪዎች ነበሩ። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራን የመሰሉ ጀግኖች ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ድል ስናስብ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። መለዋወጫ ሰጪው በሩን በዘጋበት ጊዜ፣ ያንኑ አውሮፕላን በየቀኑ ለበረራ ያበቃው ማን ነው? ነዳጁን የቀዳው፣ በአፍንጫው በኩል ያሉትን ሁለት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፎች ያጎረሰው፣ በክንፎቹ ጫፍ ላይ ሚሳይሉን የሰካው፣ የሁለቱን ሞተሮች ጤንነት የመረመረው ማን ነው? የዕቃ እጥረት ሲገጥም ከቆመው አውሮፕላን ፈትቶ ለሚበርረው መግጠም፣ ያረጀውንም ክፍል አገላብጦ «ይህ ገና ያገለግላል፤ ይህ ግን አያገለግልም» ብሎ መለየት ከባለሙያው ይጠበቃል። በስሕተት «ያገለግላል» ያለ ሰው ጓደኛውን ለሞት ይሰጣል፤ በፍርሃት «አያገለግልም» ያለ ሰው ደግሞ በግንባር ያለውን እግረኛ ያለ አየር ድጋፍ ያስቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ቀጭን ነው። በዚያ ቀጭን መንገድ ላይ ሌሊት በእጅ ባትሪ ብርሃን የሚሄድ ሰው ደፋር አይደለም ማለት አይቻልም።

ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየት እርዳታ በብዛት ሲጎርፍ ፈተናው መልኩን ለወጠ። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማረና በጫማና በፓውንድ መለካት የለመደ ባለሙያ አሁን በሩሲያኛ የተጻፈና በሜትርና በኪሎግራም የሚለካ አውሮፕላን እንደ አዲስ መማር ነበረበት። የኢትዮጵያ ሠራዊት በኩባ ወታደሮች ተረድቶ በየካቲት 1970 ዓ.ም. መጨረሻ ጅጅጋን ሲያስለቅቅ ይህም የትምህርት ድካም በድሉ ውስጥ ድርሻ ነበረው።

«አብራሪው ግን ነፍሱን ይሰጣል፤ መካኒኩ በጥላ ሥር ይሠራል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። አነጋገሩ እውነትነት አለው። ጄኔራል ለገሠ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ከተማረኩ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ማቅቀው በ1980 ዓ.ም. ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። ይህን መሥዋዕትነት ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ነገር ግን ክብር እንደ እንጀራ አይደለም፤ ለአንዱ ሲቆረስ ለሌላው አያንስም። ደግሞም የአውሮፕላን ማረፊያ ለጠላት ቀዳሚ ዒላማ ስለሆነ መካኒኩም ከሞት የራቀ አይደለም፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ድሬዳዋ ደጅ ደርሶ እንደነበር እናስታውስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሮቢንሰን በተማሩበት በተስኪጊ የጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ማሠልጠኛ ሲቋቋም ወደ 1,000 የሚጠጉ አብራሪዎች ሠልጥነዋል፤ ከእነርሱ ጋር በመካኒክነት፣ በመሣሪያ ሠራተኝነት፣ በነርስነትና በሌላም ሙያ የተሰለፉት ግን ከ10,000 ይበልጡ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው ይከብዳል። «የጦር አውሮፕላን የሞት መሣሪያ ነው፤ የሚያበርረውም የሚጠግነውም ለምን ይከበራል?» የሚሉ አሉ። ይህን ጥያቄ በዝምታ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። የአርሲ ጎረቤት በሆነችው በባሌ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በቆየው የገበሬዎች አመፅ ጊዜ የመንግሥት አውሮፕላኖች ዐመፀኞቹን ደብድበዋል። በሰኔ 1980 ዓ.ም. በትግራይ፣ በሐውዜን፣ በገበያ ቀን ከመንግሥት አውሮፕላኖች በተጣለ ቦምብ እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል። እነዚያም አውሮፕላኖች የበረሩት በሠለጠነ እጅ ተጠግነው ነው። እንግዲህ ሙያ ብቻውን ጽድቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ብረት ራሱ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሰው ነው። ቮን ሮዘን በ1966 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ከትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ለተራቡ ሰዎች እህል ጥለዋል። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነቱ ሲሞቱም በእርዳታ ሥራ ላይ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜም የብሪታንያና የሌሎች አገሮች የጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖች መኪና ሊደርስባቸው ወዳልቻለ ሥፍራዎች እህል አድርሰዋል። አርሲም ይህንኑ እውነት ከትራክተር ታሪክ ተምሯል። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በጭላሎ ሜዳ ትራክተር ሲበዛ ምርት አደገ፤ ነገር ግን ብዙ ባለርስቶች በትራክተር ለማረስ ሲሉ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። ጭሰኛውን ያፈናቀለው የመሬቱ ሥርዐት እንጂ ብረቱ አልነበረም። ስለዚህ በአብራሪውም ሆነ በመካኒኩ የምናከብረው እውቀቱን፣ ጥንቃቄውንና ታማኝነቱን ነው፤ የተሰማራበትን ተግባር ግን ለብቻው በሚዛን እናስቀምጣለን። ከዚህም የተነሣ አንድ ከባድ ነገር መቀበል ይኖርብናል፦ በክብሩ የሚካፈል ሰው በተጠያቂነቱም ይካፈላል። «እኔ የያዝሁት መፍቻ ብቻ ነው» ማለት ከኅሊና ፍርድ አያድንም።

ታዲያ መካኒኩ የተረሳው ለምንድን ነው? ሥሩ ጥልቅ ነው፤ እርሱም የእጅ ሥራን መናቅ ነው። በአገራችን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ የሚሉት የሙያ ስሞች ለብዙ ዘመን እንደ ስድብ ሲነገሩ ኖረዋል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድም ቱምቱ የሚባለው ብረት ሠሪ ለሁሉ ማረሻ እየሠራ ከሁሉ በታች ይቆጠር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ቀንሶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን ልብስ ለውጦ ከእኛ ጋር ይኖራል። ልጅ «አብራሪ እሆናለሁ» ሲል ወላጁ ይመርቀዋል፤ «መካኒክ እሆናለሁ» ሲል ግን «ትምህርቱ ከብዶህ ነው?» ይባላል።

ይህ ንቀት ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደሆነ የአርሲ ገበሬ በየዓመቱ ያየዋል። በኢተያና በሁሩታ፣ በሳጉሬና በበቆጂ ስንዴው ደርሶ፣ ሰማዩም ጠቁሮ፣ ኮምባይነሩ መካከል ላይ ቢቆም በዚያ ሰዓት ከሀብታሙም ከባለሥልጣኑም ይልቅ የሚፈለገው ቱታ የለበሰው ሰው ነው። እርሱ ሲደርስ ሁሉም መንገድ ይለቅለታል፤ ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም ይመርቀዋል፤ መኸሩ ሲያልቅ ግን ይረሳል። የበቆጂ ሯጮችም እንዲሁ ናቸው፤ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ዓለም ያውቃቸዋል፤ በልጅነታቸው ያሠለጠኗቸውን አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን በዚያው ልክ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ንቀት ዋጋ ያስከፍላል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቀድሞው ሠራዊት ፈረሰ፤ ከአየር ኃይሉም ብዙ ባለሙያ ተበተነ። አንድ ባለሙያ ለማሠልጠን ዓመታት ይፈጃሉ፤ ለመበተን ግን አንድ ቀን ይበቃል። አውሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ የሞተርን ሕመም በድምፁ የሚለይ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራ የተሳለ ጆሮ ግን በየትም ገበያ አይገኝም።

እንግዲህ ከተማሪ ምን ይጠበቃል? በመጀመሪያ ደረጃ፣ በየከተማችን በአየር ኃይል አገልግለው በጡረታ የሚኖሩ አባቶችን ፈልጎ፣ ከአጠገባቸው ተቀምጦ፣ «አባባ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ገቡ? የሚጠግኑትስ ምን ዓይነት አውሮፕላን ነበር? አብረዋችሁ የሠሩትስ እነማን ነበሩ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጥንቃቄ መጻፍ ይቻላል። ይህ ከማንኛውም የቤት ሥራ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም እነዚህ አባቶች ሲያልፉ መዝገቡ አብሮ ይዘጋል። ሁለተኛም፣ የሙያ ትምህርት የሚመርጥ ጓደኛን እንደ ተሸነፈ ከመቁጠር መታቀብ ይገባል። ሦስተኛም፣ መሪ የሚይዝም ሆነ መፍቻ የሚይዝ ወጣት የእጁ ሥራ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ ለመጠየቅ ራሱን ማስለመድ አለበት።

አውሮፕላን ወደ ሰማይ ሲወጣ በሜዳው ዳር ቆሞ በዓይኑ የሚሸኘው ሰው አለ። የበረረው እስኪመለስ ድረስ እርሱ ዕረፍት የለውም፤ «ያሰርሁት ብሎን ይይዝ ይሆን?» እያለ ሰማዩን ያያል። አብራሪው በሰላም ሲመለስ እንኳን ደኅና መጣህ የሚለው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ታሪክ ስንጽፍ የእርሱንም ስም በአብራሪው ስም አጠገብ ልናሰፍር ይገባናል።